መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ያየው ግን አልነበረም

በኖቬምበር 2024 ከደቡብ ለንደን አንድ ዜና ወጣ። ኦልድ ኬንት ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ የማሞቂያ ቧንቧ ለመቅበር ሲቆፈር፣ ከአስፋልቱ ሥር የሮማውያን መንገድ ብቅ አለ። ስፋቱ 5.8 ሜትር፣ ከፍታው 1.4 ሜትር ነው። ከሥር ጠጠር፣ ከዚያ በላይ ሁለት ረድፍ የተጠቀጠቀ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ተደልድሎበታል።

ለንደን ለኖረ ሰው ነገሩ የአዋጁን በጆሮ ይመስላል። ኦልድ ኬንት ሮድ የሮማውያን መንገድ ነው ሲባል የኖረ ነው። ከዶቨር ወደብ ተነስቶ በካንተርበሪ አድርጎ ለንደን የሚገባው፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዘልቀው የዋትሊንግ ስትሪት አካል ነው። ካርታው ይህንኑ ይላል፤ መጽሐፉም እንደዚያው። ታዲያ ዜናው ምኑ ላይ ነው? የጥንቱ መንገድ በትክክል ከዛሬው ጎዳና ሥር ለመኖሩ በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ ሲገኝ የመጀመሪያው ጊዜ መሆኑ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ያውቀዋል፤ ያየው ግን አልነበረም።

ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። የጠፋ መንገድ የመፈለግ ሥራ ሁሉ ግን እሷ ላይ ነው የሚሽከረከረው። በተለይ አሁን፣ ፍለጋው በአውሮፕላንና በኮምፒውተር በታገዘበት ጊዜ፣ የሮማውያን መንገድ ካርታ በየጊዜው እየረዘመ ነው። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ደግሞ "ይሄኛው የታየ ነው ወይስ የተገመተ?" ብሎ መጠየቅ ግድ ሆኗል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ይጠፋል?

ቁልፍ ይጠፋል። ፍየል ትጠፋለች። ስፋቱ ስድስት ሜትር፣ ርዝመቱ መቶ ኪሎ ሜትር የሆነ ነገር ግን እንዴት ይጠፋል?

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ሥዕል ከጭንቅላታችን እናውጣ። የሮማውያን መንገድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ሮም አጠገብ ያለው የአፒያ መንገድ ፎቶ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረው ማለት ነው። ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ግራና ቀኙ ጥድ ተተክሎበት። እንደዚያ ያለ ንጣፍ በብዛት የሚገኘው ከተማ ውስጥና ከተማ አጠገብ ነው። ገጠር ላይ አብዛኛው የሮማውያን መንገድ የተደለደለ ጠጠር ነበር። እኛ ፒስታ የምንለው ዓይነት።

በየመጽሐፉ የምናየው ባለ አራት ንብርብር ሥዕልም ታሪክ አለው። ኒኮላ ቤርዥዬ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ሰው በ1622 ስለ ሮማውያን መንገዶች ሲጽፍ፣ የንብርብሮቹን ስም ከጥንቱ የሥነ ሕንፃ ጸሐፊ ከቪትሩቪየስ ወሰደ። ቪትሩቪየስ ግን በዚያ ቦታ ላይ የጻፈው ስለ ቤት ወለል ነበር። የሳሎን ወለል አሠራር የመንገድ አሠራር ተብሎ ለ400 ዓመት ተገለበጠ። መሬት ላይ ያለው እውነት ቀለል ያለ ነው። መሐንዲሱ በአካባቢው ያገኘውን ነው የሚደለድለው። ኖራ ካለ ኖራ፣ የብረት ቆሻሻ ካለ የብረት ቆሻሻ፣ የወንዝ ጠጠር ካለ ጠጠር።

በየቦታው የሚደጋገመው ነገር መሀሉን ከፍ አድርጎ መደልደልና ጎንና ጎኑን ቦይ ማውጣት ነው። ውሃ መንገድን እንደሚበላ ሮማውያንም ያውቁ ነበር። ያ ከፍ ብሎ የተደለደለው ጀርባ በላቲን "አገር" ይባላል። ከእኛው አገር ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ግን ለማስታወስ ይመቻል።

ጠጠር ደግሞ ተንከባካቢ ይፈልጋል። ብሪታንያ ውስጥ የሮም አስተዳደር በ410 አካባቢ አበቃ። ድልድዩ ሲወድቅ የሚጠግን የለም። ሰዉ መልካ ፈልጎ በሌላ በኩል መሻገር ጀመረ። ያ ዞሮ መሄጃ አዲስ መንገድ ሆነ፣ አሮጌው ሣር በላው። ገበሬ አረሰው። ድንጋዩ ለቤተ ክርስቲያንና ለግንብ አጥር ተለቀመ። ረግረግ ያለበት ሰመጠ። አንዱ ቁራጭ ዛሬም አውቶቡስ ይሄድበታል፣ ቀጣዩ ቁራጭ የስንዴ ማሳ ሥር ነው፣ ሦስተኛው ፈጽሞ የለም። ስለዚህ ጠፋ ሲባል ተቆራረጠ ማለት ነው። ፈላጊው የሚያደርገው ቁርጥራጩን መቀጠል ነው። አደጋውም ያለው መቀጠሉ ላይ ነው።

ጸሐፊውና አጭበርባሪው

የመጀመሪያው ፍንጭ ጽሑፍ ነው። የአንቶኒን የጉዞ ዝርዝር የሚባል የሮማውያን ሰነድ አለ። ከከተማ ወደ ከተማ ስንት ማይል እንደሆነ በተራ ይቆጥራል። ለብሪታንያ 15 መስመሮች ይሰጣል። አንዱ በሰሜን እንግሊዝ ካለው ከሃድሪያን ግንብ ተነስቶ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ ላይ እስካለው ሪችቦሮ ወደብ ድረስ 481 ማይል ይላል። የሮማውያን ማይል አንድ ሺህ ጥንድ እርምጃ፣ ማለትም 1,480 ሜትር ገደማ ነው።

ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። የደረሰን ግልባጩ ነው። ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢስት ምን እንደሚሆን የብራና ታሪካችንን የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። የሮማውያን ቁጥር ደግሞ በፊደል ስለሚጻፍ አንዲት ጭረት ስትጎድል ከተማው አምስት ማይል ይሸሻል። በዚያ ላይ ሰነዱ ርቀቱን እንጂ መንገዱ በየት በኩል እንዳለፈ አይናገርም። ከኮረብታው በስተግራ ይሁን በስተቀኝ አይልም።

ፖይቲንገር የሚባለው ካርታም አለ። ቪየና ተቀምጧል። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግልባጭ ነው፤ ርዝመቱ ከስድስት ሜትር ተኩል በላይ ነው። ዓለምን እንደ መቀነት ጠፍጥፎ ያሳያል። የምዕራቡ ጫፍ ስለጠፋ ከብሪታንያ የቀረው የደቡብ ምሥራቁ ጠርዝ ብቻ ነው።

ይህ ችግር ወደ እኛም ሰፈር ይደርሳል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴ መምሪያ ከአዱሊስ ኮሎኤ ለመድረስ ሦስት ቀን፣ ከዚያ አክሱም ለመድረስ ሌላ አምስት ቀን ይፈጃል ይላል። መንገዱ የሮማውያን ሥራ አይደለም፤ ዕቃቸው ግን ይጓዝበት ነበር። ርቀቱ በቀን ስለተነገረ ኮሎኤ የቱ እንደሆነች ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። አንዳንዱ ቆሓይቶ ነች ይላል፣ ሌላው መጠራ።

ጽሑፍን ማመን የት ሊያደርስ እንደሚችል ከሚያሳዩ ታሪኮች የምወደው የቻርልስ በርትራምን ነው። በርትራም ኮፐንሃገን የሚኖር ወጣት እንግሊዛዊ ነበር። በ1747 ዊሊያም ስቱክሊ ለተባለ ታዋቂ የቅርስ አጥኚ ደብዳቤ ጻፈ። በአንድ መነኩሴ የተጻፈ የሮማውያን ብሪታንያ መግለጫ አግኝቻለሁ አለ። ውስጡ ማንም የማያውቃቸው መንገዶችና ከተሞች ነበሩበት። ስቱክሊ አመነ። ጽሑፉ በ1757 ታተመ። በርትራም ሁሉንም ራሱ ነው የፈጠረው። ማጭበርበሩ በደንብ የተጋለጠው 19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ላይ የፈጠራቸው መስመሮች ከመጽሐፍ ወደ ካርታ፣ ከካርታ ወደ መጽሐፍ ሲዞሩ ቆዩ። ሰዎችም ወጥተው ሜዳ ላይ ፈለጓቸው። የባሰው ነገር፣ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል።

ስትሪት፣ ስትራትፎርድ፣ ሲራጥ

ሁለተኛው ፍንጭ ስም ነው። ይሄኛው ከጽሑፉ የበለጠ ታማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ገበሬ ቦታን የሚሰይመው ማንንም ለማታለል ብሎ አይደለም።

ላቲኑ "ስትራታ" የተነጠፈ ማለት ነው። እንግሊዝኛው "ስትሪት" የመጣው ከዚያ ነው። ሮማውያን ከሄዱ በኋላ የመጡት ሳክሶኖች የተነጠፈ መንገድ ያዩበትን ቦታ ሁሉ በዚህ ቃል ጠሩት። ስትሬትን፣ ስትሬታም፣ ቼስተር ለ ስትሪት። ስትራትፎርድ ማለት የተነጠፈው መንገድ ወንዝ የሚሻገርበት መልካ ነው። በ2012 ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈችበት ስታዲየም ያለው እዚያ ሰፈር ነው። ስሙ ውስጥ ከለንደን ወደ ኮልቸስተር የሚወስደው የሮማውያን መንገድ ተቀብሯል።

ቃሉ ወደ ምሥራቅም ተጉዟል። ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች በቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ የምናገኘው "ሲራጥ" የሚለው ቃል፣ ቀጥተኛው መንገድ የምንለው፣ በግሪክና በአራማይክ በኩል ከዚሁ ከ"ስትራታ" የመጣ ነው ይላሉ። ሮማውያን ሶርያ በረሃ ላይ መንገድ ሠርተው ነበርና አይገርምም። ለንደን ኤጅዌር ሮድ ላይ ሺሻ ቤቶቹና የአረብ ምግብ ቤቶቹ መሀል ስሄድ ይሄ ነገር ፈገግ ያሰኘኛል። ኤጅዌር ሮድ ራሱ ዋትሊንግ ስትሪት ነው። ከማርብል አርች እስከ ኤጅዌር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ወገቡን ሳያጥፍ ይሄዳል። የተነጠፈውም መንገድ፣ ከሱ የወጡት ሁለቱም ቃላት እዚያው ተገናኝተዋል።

ስሙ መንገዱ በዚህ ሰፈር አለ ይልሃል። በየትኛው ማሳ በኩል ግን አይልህም።

ማስመሪያ የያዘ ሰው

ሦስተኛው ፍንጭ ቀጥታነት ነው። ሮማውያን መንገድ ሲያወጡ ከጉብታ ወደ ጉብታ እያነጣጠሩ ነው። ግሮማ የሚባል፣ ክሮች የተንጠለጠሉበት መስቀል መሰል መሣሪያ ነበራቸው። ከሊንከን ወደ ኢልቸስተር 290 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው ፎስ ዌይ ከቀጥታ መስመር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አይወጣም። ሲታጠፍም ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው ከፍታ ላይ ነው፤ ቀያሹ ቆሞ ቀጣዩን ምልክት ያየበት ቦታ ላይ። መንገድ ፈላጊዎች ይህን ምልክት በጣም ይወዱታል።

ችግሩ ቀጥታነት ያሰክራል። ሁለት ቁራጭ መንገድ ካርታ ላይ ሲገኝ ማስመሪያ አስቀምጦ ማገናኘት ቀላል ነው። በመሀል ያለ የወረዳ ወሰን፣ ያረጀ አጥር፣ የእግር መንገድ ሁሉ "ማስረጃ" ይሆናል። እንግሊዝን ያህል በአጥርና በእግር መንገድ የተሞላ አገር ላይ የትኛውም ማስመሪያ አንድ ነገር ሳይነካ አያልፍም።

በ1950ዎቹ አይቫን ማርጋሪ የተባለ ሰው የብሪታንያን የሮማውያን መንገዶች ሰብስቦ ቁጥር ሰጣቸው። ዋትሊንግ ስትሪት 1 ቁጥር፣ ፎስ ዌይ 5 ቁጥር ነው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ዛሬም ባለሙያዎቹ በሱ ቁጥር ነው የሚግባቡት። ግን ቁጥር የተሰጠው ነገር ያለ ነገር ይመስላል። ቁጥር ካለው ማን ይጠራጠራል?

ከማስመሪያው የተሻለ ዓይን የመጣው ከሰማይ ነው። ኦ.ጂ.ኤስ. ክሮፎርድ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ከአውሮፕላን ሆኖ ይቃኝ የነበረ ሰው ነው። በ1920 የብሪታንያ ካርታ ሥራ ድርጅት የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ኃላፊ ሆነ። ከላይ ሲታይ ማሳ ይናገራል። የተቀበረ ጠጠር ላይ የበቀለ እህል ሥሩ ውሃ ስለማያገኝ ቀድሞ ይቢጫል፣ ያጥራል። የተደፈነ ቦይ ላይ ያለው ደግሞ እርጥበት ስላለው ረዝሞ ለምለም ይሆናል። ገበሬ ሁልጊዜ የሚያየው ነገር ነው። ድርቅ ሲመጣ ልዩነቱ ይጎላል። በ1976ና በ2018 በጋ ላይ የእንግሊዝ ሜዳ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ነበር።

የጎርፍ ካርታው

አሁን ወደ ሊዳር እንምጣ። ወሬው ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ ይገባዋልም።

አውሮፕላን ላይ የተገጠመ መሣሪያ በሰከንድ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የሌዘር ብልጭታ ወደ መሬት ይልካል። ብልጭታው ነክቶ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። ጫካ ላይ አብዛኛው ቅጠል ነክቶ ይመለሳል። ጥቂቱ ግን በቅጠሉ መሀል ሾልኮ አፈር ይነካል። ኮምፒውተሩ ዛፉንና ቤቱን ያነሳና ባዶውን መሬት ያወጣል። ከዚያ በዝቅተኛ ፀሐይ እንደተመታ አድርጎ ያጠላበታል። ጠዋት በማለዳ እርሻ ዳር የቆመ ሰው ትልሙ እንዴት ጎልቶ እንደሚታይ ያውቃል። ቀትር ላይ የለም። ሊዳር ያንን የማለዳ ብርሃን ከፈለግነው አቅጣጫ ይሰጠናል። የእጅ ስንዝር የምታህል ከፍታ ትታያለች።

የሚያስቀው፣ እንግሊዝ ውስጥ ይህን ያሠራው የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ነው። ዓላማው ጎርፍ ነበር። ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ የመሬቱን ቅርጽ ፈለጉ። በ2015 መረጃውን ለሕዝብ በነፃ ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ላንካሻየር ውስጥ ለ40 ምናምን ዓመት በእግሩ እየዞረ ከሪብቸስተር ወደ ላንካስተር የሚወስደውን መንገድ ሲፈልግ የኖረ አንድ ጡረተኛ፣ ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒውተር ላይ አገኘው። ሲያልፍበት የኖረ ቦታ ላይ ነበር።

በ2020 ኮቪድ ሰውን ቤት ሲዘጋ ደግሞ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሊዳር ምስል ለበጎ ፈቃደኞች በትነው ታማር ሸለቆን አስፈተሹ። ሳሎናቸው ከተቀመጡ ሰዎች የሁለት የሮማውያን መንገዶች ክፍሎችና 30 ያህል በአፈር ግንብ የተከበቡ ጥንታዊ መኖሪያዎች ተገኙ።

ትልቁ ውጤት የመጣው በ2023 ነው። ክሪስቶፈር ስማርትና ዣዎ ፎንቴ የተባሉ የኤክሰተር ተመራማሪዎች የዴቨንና የኮርንዎልን የመንገድ መረብ አወጡ። ይህ የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ካርታዎቹ ከኤክሰተር ወደ ምዕራብ ባዶ ነበሩ ማለት ይቻላል። ኤክሰተር በ55 አካባቢ የሮም ሌጌዎን የሰፈረባት ናት። ስለዚህ ሁሉም ሰው መንገዱ ከእሷ እንደ ጣት የሚዘረጋ አድርጎ ያስብ ነበር። ሊዳሩ ሌላ ነገር አሳየ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ መንገድ ተገኘ፤ የመረቡ እምብርት የሆነችውም ኤክሰተር ሳትሆን ኖርዝ ቶውተን የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ታው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ያለች።

መንገዶቹም የሚሄዱበት አቅጣጫ ያስገርማል። የዳርትሙርንና የቦድሚን ሙርን ከፍተኛ ሜዳዎች ይሸሻሉ። በስተሰሜንና በስተደቡብ ያሉትን የወንዝ አፎች ያገናኛሉ፤ ጀልባ የሚገባባቸውን ማለት ነው። ይህ ሠራዊት ብቻ የሚሄድበት መንገድ አይደለም። በበሬ የሚጎተት ከባድ ጋሪ የሚያስብ ሰው ያወጣው መንገድ ነው። አጋሰስ ዳገት ይወጣል፤ ጋሪ ግን ሜዳ ይፈልጋል።

የሌዘር ብርሃን የማይደርስበትም አለ። ቬኒስ ላይ ትሬፖርቲ በሚባለው የውሃ መተላለፊያ ወለል ሥር በ2021 በድምፅ ሞገድ 12 ግንባታዎች ተገኙ። በ1,140 ሜትር ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ ናቸው። ኤርኔስቶ ካናል የተባለ ሰው በ1980ዎቹ እዚያ የሮማውያን መንገድ አለ ሲል ብዙ ክርክር ገጥሞት ነበር። የባሕሩ ከፍታ በዚያን ዘመን ዝቅ ያለ ነበርና ዛሬ ባሕር ያልነው ያኔ የእግር መንገድ ነበር።

አዲሱ ማስመሪያ

አሁን የኔ ጥርጣሬ ይመጣል። የዴቨኑ ጥናት ሊዳር ያላሳየውን ክፍተት በኮምፒውተር ስሌት ነው የሞላው። ስሌቱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ለመሄድ ቀላሉ መስመር የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። ዳገቱን፣ ውሃውን ያሰላል። ተመራማሪዎቹ የታየውንና የተሰላውን ለይተው አስቀምጠዋል፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ስሌቱ አንድ እምነት አለው፦ ቀያሹ የሚቀለውን መርጧል የሚል። ሮማውያን ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ዳገቱን ፊት ለፊት የገጠሙ ሰዎች ናቸው። አንዳንዴ መንገድ የሚያልፈው የአንድ ባለሥልጣን ርስት ስላለ ነው፣ ወይም ስለሌለ። ኮምፒውተር ይህን ከየት ያውቃል? የአዲስ አበባ መንገድ ለምን እዚህ ጋ እንደታጠፈ በዳገት ስሌት ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ካለ ያሳዩኝ።

በኖቬምበር 2025 ደግሞ ኢቲነር-ኢ የሚባል የዲጂታል ካርታ ወጣ። ዴንማርክ ያለው የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲና የባርሴሎና አውቶኖማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። በ150 አካባቢ የነበረውን የመላውን የሮም ግዛት መንገድ 299,171 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። ከዚያ በፊት የነበረው 188,555 ኪሎ ሜትር ነበር። ከግማሽ በላይ ጨመረ። ዜናውም ይህን ቁጥር ይዞ ዓለምን ዞረ።

ለኔ ግን ትልቁ ቁጥር ሌላኛው ነው። ትክክለኛ ቦታው በእርግጠኝነት የታወቀው 2.7 በመቶው ብቻ ነው። 90 በመቶ ገደማው መንገዱ እንደነበር ይታወቃል፤ በየት በኩል እንዳለፈ ግን ግምት ነው። ቀሪው 7 በመቶ ገደማ መኖሩ ራሱ መላ ምት ነው። ይህን ቁጥር ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው በግልጽ ያስቀመጡት። ድፍረት ይጠይቃል። በርትራምም ማርጋሪም እንዲህ ያለ ዓምድ አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ቁራጭ ምን ያህል እንደሚታመን ተጽፎበታል። እኔ ከ299 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይልቅ ይህችን ዓምድ ነው እንደ ግኝት የማያት።

ምክንያቱም ካርታ ሲወጣ ሌሎች ይገነቡበታል። የዴንማርክና የስዊድን ኢኮኖሚስቶች የጥንቱን የመንገድ መረብ ዛሬ ከሳተላይት ከሚታየው የሌሊት መብራት ጋር አስተያይተዋል። አውሮፓ ውስጥ የሮማውያን መንገድ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ ዛሬም መንገዱም መብራቱም ይበዛል። ሰሜን አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ግን ይህ ግንኙነት አይታይም። የሰጡት ምክንያት ደስ ይላል፦ እዚያ ጋሪ ቀርቶ ግመል ተተካ። ግመል ደግሞ ጠጠር ድልድል አይፈልግም። መንገዱን የሚጠግን ጠፋ፣ ከተሞቹም በሌላ መስመር ላይ አደጉ። ሐሳቡ ያሳምናል። መሠረቱ ግን ካርታው ነው። ግምቱ የተሠራው ዛሬ ከተማ ያለበትን እያገናኘ ከሆነ፣ ጥንት መንገድ በነበረበት ዛሬ ከተማ አለ ብሎ መደነቅ ትንሽ ክብ ይሠራል።

ጉዳዩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ቤት ሠሪ ፈቃድ ሲጠይቅ የአውራጃው የቅርስ መዝገብ ይታያል። መዝገቡ ላይ የሮማውያን መንገድ ካለ ከግንባታው በፊት ቁፋሮ ሊታዘዝ ይችላል። መስመሩ 50 ሜትር ከተሳሳተ የሚቆፈረው ባዶ መሬት ነው፤ መንገዱ ግን በኤክስካቫተር ይነሳል።

በመጨረሻ አካፋ

ሊዳር የሚያሳየው ከፍታ ነው፤ ዕድሜ አያሳይም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቀረጥ መንገድ፣ የተነቀለ የባቡር ሐዲድ፣ የተቀበረ ቧንቧ፣ የአንድ ባላባት የዛፍ መተላለፊያ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ጉብታ ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አካፋ ይዞ መንገዱን በጎን መቁረጥ አለበት። ድልድሉ አለ? ጎንና ጎኑ ቦይ አለ? ጠጠሩ የተቆፈረበት ጉድጓድ በአጠገቡ አለ? ከጠጠሩ ሥር የወደቀ ሳንቲም ወይም የሸክላ ስባሪ ካለ መንገዱ ከዚያ በኋላ ነው የተሠራው። አሁን ደግሞ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየችበትን ዘመን የሚለካ ዘዴ አለ። ከጠጠሩ ሥር ያለው አሸዋ የተሸፈነበትን ጊዜ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። አንድ ቁፋሮ የሚያረጋግጠው ጥቂት ሜትር ነው። ለዚህ ነው 2.7 በመቶው ቶሎ የማያድገው፤ ለዚህም ነው የቧንቧ ሠራተኛ ጉድጓድ ይህን ያህል ዋጋ ያለው። ከተማ መሀል ማንም ተመራማሪ አስፋልት ቆርጦ እንዲያይ አይፈቀድለትም። የማሞቂያ ቧንቧ ግን ይፈቀድለታል።

ኤጅዌር ሮድ ማርብል አርች ጋ ሲደርስ ያበቃል። የሮማውያኑ ግን እዚያ አላበቃም። አንዳንዶች ቀጥ ብሎ ወርዶ ዌስትሚኒስተር አጠገብ ቴምዝን ይሻገር ነበር ይላሉ፤ ካርታ ላይ ማስመሪያ ቢያስቀምጡ በእርግጥ ወደዚያ ይጠቁማል። በመሀል ሃይድ ፓርክ፣ የሆቴል ምድር ቤት፣ የቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ አለ። እዚያ አካባቢ ብርቱካናማ አጥር ተሠርቶ፣ ሰራተኞች ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ሳይ አንገቴን ሳላስግግ አላልፍም። እስካሁን ያየሁት ኬብል ብቻ ነው።